ሐቅ ያለው ይናገር

ፓይን ሌክ፣ አትላንታ
ፌብሩዋሪ 12፣ 2025

ለተከበሩ አባቴ ሼህ ይማም፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ። ለአባት የሚላክ ደብዳቤ እንዲህ በተንጋደደ እጅ መጻፍ አልነበረበትም። እኔ መሪ ይዤ የምውል ሰው ነኝ፤ እስክሪብቶ ከያዝኩ ዘመን ሆኖኛል። የልጅ ልጅዎ ፅጌረዳ «አያቴ ስልክ አይሰማም፤ ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ አጠገብ ቆሞ ጆሮው ሄዷል። ጻፍለትና ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ኮምቦልቻ አሳትሜ ሐርቡ ድረስ አደርስለታለሁ» ስትለኝ ነው የደፈርኩት። ሳህሌ እባላለሁ። ልጅዎ ዑስማን ነፍሱ እስካለፈችበት ቀን ድረስ የኖረው የኔና የባለቤቴ የፋናዬ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ተከራይ ነበር እንዳልል አፌ አይታዘዝልኝም፤ ወንድም ነበር።

እንዴት ከረሙ? ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህን ማለትም ይከብዳል። አላህ ያጽናዎት።

በፅጌረዳ በኩል «ሲሞት ብቻውን ነበር ወይ?» ብለው የጠየቁኝን ልመልስ። ብቻውን አልነበረም። ኤርፖርቱ አጠገብ ሹፌሮች ተሳፋሪ እስኪደርሰን የምንጠብቅበት ሜዳ አለ፤ እዚያ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ደረቱን ሲያመው መኪናዋን ዳር አስያዘ፣ ፓርክ አደረገ፣ የአደጋ መብራቷን አበራ። ለምን ከሰልፉ ወጣ ብዬ ሄጄ መስኮቱን ሳንኳኳ አልፏል። ያቺን መብራት ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል፤ ነፍሱ እየወጣች እንኳ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቸገር አስቧል።

ቀብሩም እንደሚገባ ሆኗል። መስጊዱ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ከኋላ ጫማችንን አውልቀን ቆመናል። ከሶላቱ በፊት ኢማሙ ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ከዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው ይናገር! ወይ አውፍ ብሎ ይቅር ይበለው፣ ወይም ዕዳውን እኔ ልሸከም የሚል ይነሳ» አሉ። ጸጥ። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ሥርዓቱን አላውቅ። እኛ ሰፈር ሽማግሌ ጠይቆ ሰው ዝም ካለ ለባለቤቱ ነውር ነው። ዑስማን የሚቆምለት ያጣ መሰለኝና ከኋላ ሆኜ «በኔ ይሁን! ያለበት ሁሉ በኔ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ኢማሙ ትክ ብለው አዩኝና «አላህ ይቀበልህ» ብለው ሶላቱን ጀመሩ።

ዕዳውን በተመለከተ አይጨነቁ። ለናሆም፣ ለአንድ ጓደኛችን፣ የጎማ ገንዘብ ነበረበት፤ ያኑ ዕለት ከፍያለሁ። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ልጅዎ ሳህሌ


ሐርቡ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሌ፣

አሰላሙ አለይኩም ብልህ መልሱ አይጠፋህም ብዬ በዚያው ጀመርኩ። እንደምን አለህ? ፋናዬስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ፅጌረዳ ደብዳቤህን ላንብብልህ አለችኝ። የሄደው ጆሮዬ ነው እንጂ ዐይኔ አይደለም ብዬ ነጠቅኳት። አንብቤ ስጨርስ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። አጃኢብ ነው! እኔ አባቱ በሌለሁበት፣ ወንድም አጎት በሌለበት አገር፣ ልጄ ጀናዛ ላይ ተኝቶ «በኔ ይሁን» የሚል ሰው ከኋላ ተነሳ፤ እሱም የማርያም ልጅ! ወላሂ ሰማይ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ገና እየገባኝ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንደ አባትህ ቆጥረህ መልስልኝ። ባለፈው ሳምንት ፀጋአብ የሚባል ከናንተው ከተማ ለዕረፍት የመጣ ሰው ለቅሶ ሊደርሰኝ ገባ። ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር የሚያወራኝ። «ዑስማን የካርድ ዕዳ ነበረበት፤ ስልኩን የማያነሳው ለዚያ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እውነት ነው?

የሙእሚን፣ የአማኝ ሰው፣ ነፍስ ዕዳው እስኪከፈል ተንጠልጥላ ትቆያለች ይባላል። እኔ እዚህ ዱቄት እየመዘንኩ ልጄ ተንጠልጥሎ አይቆይም። ወፍጮዬን የሚገዛ ሰው አለ፤ ከኮምቦልቻ መጥቶ አይቶታል። ገንዘቡን እዚያ የሚያደርስ ነጋዴም አላጣም።

ዑስማን ክፉ ልጅ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለሦስት አረፋ «መጣሁ» እያለ በግ አስገዝቶኝ ቀርቷል። እናቱ ከሞተች ወዲህ አረፋ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ልጁ ይገባለታል፤ እኔ መንገድ መንገዱን አይ ነበር። እሱን እንተወው። የዕዳውን ንገረኝ።

አባትህ ይማም


ፓይን ሌክ፣ አትላንታ
ማርች 2፣ 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

እንኳን ለረመዳን አደረስዎ። እኛም ሁዳዴ ይዘናል፤ ዘንድሮ ተባብረን ነው የተራብነው።

ያ ፀጋአብ! ምላሱ ከአውሮፕላኑ ቀድማ ነው ኮምቦልቻ የገባችው። ይሁን፣ እውነቱን ተናግሯል። እኔም የጻፍኩልዎትን ስጽፍ ይህን ያህል አላውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

እዚህ አገር ባንክ ካርድ ይሰጣል። ዱቤ ነው፣ ያው የርስዎ ሰፈር ዱቤ፤ ልዩነቱ ባለሱቁ መልክዎን አያውቅም። በወሩ ካልከፈሉ ወለድ ይወልዳል፣ ወለዱም ይወልዳል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ባንኩ ይሰለቸውና ዕዳውን ለሌላ ኩባንያ ይሸጠዋል። «ኮሌክሽን ገባ» የምንለው ይህንን ነው። የገዛው ኩባንያ ደግሞ ይደውላል። አቤት ሲደውል!

የዑስማን ስልክ ኩሽናችን ውስጥ ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ይጮኻል፣ ይጮኻል። ፋናዬ «የሞተ ሰው ስልክ ሲጮህ ሰውነቴን ይወረኛል፤ ወይ አንሳው ወይ ዝጋው» አለችኝ። አነሳሁት። መጀመሪያ «ይህ ንግግር ይቀዳል» የሚል የማሽን ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ አንዲት ሴት። ዑስማን አርፏል፣ የሱን ጉዳይ የምጨርሰው እኔ ነኝ አልኳት። ከልቧ አዘነች። ስንት ነው ስላት «አስራ አራት ሺህ ዶላር» አለች።

አባቴ፣ እኔ መስጊዱ ውስጥ በኔ ይሁን ብዬ ስጮህ የጎማ ገንዘብ መስሎኝ እኮ ነው! ፋናዬ በዐይኗ ብቻ «ይበልህ» አለችኝ።

አሁን ደስ የሚለውን ይስሙ። ሴትዮዋ ራሷ «ጌታዬ፣ አንተ የመክፈል ግዴታ የለብህም፤ አባቱም የለበትም። ሟቹ ንብረት ካልተወ የሚጠየቅ ሰው የለም» አለችኝ። ገንዘብ ጠያቂዋ አትክፈል ስትለኝ! እንዲህ ያለ አገር ነው። መኪናዋም የባንክ ስለነበረች ወስደዋታል። ስለዚህ በሕግ አልቋል። ወፍጮውን እንዳይሸጡ፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ።

በፅጌረዳ በኩል «ያን ሁሉ ገንዘብ ምን አደረገው?» ላሉኝ፣ ኑሮ ነው አባቴ። የአትላንታ ኑሮ።

ልጅዎ ሳህሌ


ሐርቡ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሌ፣

ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እኔን ጾሙ ሳይሆን ደብዳቤህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በሬ ሲሸጥ አይቻለሁ። ያልደረሰ ማሽላ ማሳው ላይ እንዳለ ሲሸጥ አይቻለሁ። የሰው ዕዳ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ግን አልሰማሁም። ያረቢ! ልጄን አይቶት የማያውቅ፣ ለልጄ አንድ ብር ያላበደረ ሰው የልጄን ዕዳ ገዝቶ ቤቱ አስቀመጠው ማለት ነው? ለመስጊድ ሽማግሌዎች ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፤ ሁሉም ጢማቸውን ይዘው ቀሩ።

በሕግ አልቋል ብለኸኛል። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፣ አላህ ያቆየው። ግን ሕጉ ገንዘብ አላበደረም። ከልጄ ላይ ሐቅ ያለው ባለገንዘቡ ነው፤ አውፍ ማለት ያለበትም እሱ ነው። መጀመሪያ ያበደረው ባንክ ሐቁን ከሸጠ ሐቁ የገዢው ሆኗል። ገዢውን ፈልግልኝ። ወይ ይከፈለው፣ ወይ በአፉ «ይቅር ብያለሁ» ይበል። ሌላ መንገድ አላውቅም።

አንተን ግን ከቃልህ ፈትቼሃለሁ። ለጎማ ነው የተናገርከው፣ ጎማውን ከፍለሃል። ከዚህ በላይ የኔ የአባቱ ነው። ከኢድ በኋላ የወፍጮው ገዢ ቀብድ ይዞ ይመጣል።

ደግሞ «ኑሮ ነው» ያልከኝ አልገባኝም። ዑስማን ከልጅነቱ ቆጣቢ ነው፤ ጫማው እስኪያፏጭ የሚያደርግ። አስራ አራት ሺህ ዶላር የሚጨርስ ሆድ አልነበረውም። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ከሌለም ለዱዓ ያህል አንድ ደግ ነገር ንገረኝ።

አባትህ ይማም


ፓይን ሌክ፣ አትላንታ
ኤፕሪል 6፣ 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

ኢድ እንዴት አለፈ? ገዢው ቀብዱን ሳያስቆጥርዎ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስ ፅጌረዳን ለምኛታለሁ።

እንዳዘዙኝ ባለቤቱን ፈለግሁ። ባለቤቱ የማይታይ ኩባንያ ነው፤ የሚታየው ያቺው ስልክ ላይ ያለችው ሴት ናት። ስሟ ሚስ ላቨርን ነው፤ ከኛ በስተደቡብ ሜከን የምትባል ከተማ ነው የምትቀመጠው። ድምፅዋ የመዘምራን አለቃ ይመስላል። መክፈል ባይገባኝም መክፈል እፈልጋለሁ ስላት «ለምን?» አለች። «ቀብር ላይ ተናግሬያለሁ» አልኳት። በሦስት ሺህ ሴትል እናደርገዋለን አለችኝ። በሦስት ሺህ ይዘጋል ማለት ነው።

ይህን ለፋናዬ ስነግራት የተቆጣች መስሎኝ ነበር። አሮጊቶችን ስታጥብ ስትመግብ የምትውል ሴት ናት፤ ያጠራቀመችው ጥርሷን ልታስተክል ነበር፣ ዕቁቧም ደርሷት ነበር። «አፍህ ከጭንቅላትህ ይቀድማል፤ ይህን ሳገባህም አውቀዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ «ቃሉ የወጣው ከዚህ ቤት ነው፤ በአንድ በኩል አላኝካለሁ» ብላ ዕቁቡን አወጣችው። አባቴ፣ ይችን ሴት ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስተኛ አላውቃትም ነበር። ስለዚህ እኔን ከቃሌ ቢፈቱኝም እሷን መፍታት አይችሉም።

ቀጥሎ የርስዎን ጥያቄ ጠየቅኋት። «የቀረውን ከልባችሁ ይቅር ትሉታላችሁ? አባቱ ከባለቤቱ አፍ መስማት ይፈልጋል» አልኩ። ሚስ ላቨርን «ጌታዬ፣ ይህን የሚመልስ ተጽፎ የተሰጠኝ ስክሪፕት የለኝም፤ አለቃዬን ልጠይቅ» አለች። እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ቀሪውን መናገር አልፈልግም ነበር፤ ዑስማን ቃል አስገብቶኛል። ነገር ግን ወፍጮውን ይሸጡና በኋላ ቢሰሙት ከዚያ የባሰ ይሆናል። አባቴ፣ ገንዘቡ ያለው እርስዎ ቤት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሞተሩ ተነቅሎ ሲሄድብዎ፣ አዲስ ሞተር የላከልዎ በካርድ ነው። በእጁ አልነበረውም። ኤርፖርቱ ሜዳ ላይ ቆመን «ወፍጮው ከቆመ አባቴም ይቆማል» አለኝ። ካርዶቹን አሟጦ ገንዘቡን ሲያወጣ አብሬው ነበርኩ፤ ቀስ በቀስ ከፍሎ የጨረሰው መስሎኝ ነበር እንጂ። ለሦስት አረፋ መጣሁ ያለዎትም ውሸቱን አልነበረም። የትኬቱን ያጠራቅማል፣ ካርዱ ሲያንቀው ያን አንስቶ ይሰጣል፣ እንደገና ያጠራቅማል። በመጨረሻ አቃተውና ስልኩን ማንሳት ተወ።

ወፍጮውን ከሸጡ ልጅዎ የገዛልዎትን መሸጥዎ ነው። ይተዉት። እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ ሳህሌ


ሐርቡ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሌ፣

ደብዳቤህ በሰዓቱ ደርሷል። ገዢውን መልሼዋለሁ፤ የራሴ ያልሆነ ነገር አልሸጥም።

ሞተሩንም አጥፍቼዋለሁ።

አትደንግጥ፣ ጤነኛ ነኝ። ነገሩን ተቀምጬ አሰብኩት። ሞተሩ የተገዛው ባልተከፈለ ገንዘብ ከሆነ፣ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ በሰው ሞተር ስፈጭ ኖሬያለሁ። የሐርቡ ሰው የበላው ቂጣ፣ የአራስ ገንፎው፣ የሰርጉ ድግስ፣ ረመዳን ያፈጠርንበት ሾርባ እንኳ በዚያ ሞተር ነው የተፈጨው። ዑስማንን «ይህ ገንዘብ ያንተ ነው?» ብዬ በስልክ አስጠይቄው ነበር። «የኔ ነው አባ፣ አብሽር» አለ። እኔም አብሸርኩ፤ አገሩም በላ። አሁን ሐቁ የማን እንደሆነ እያወቅሁ እንዴት ቁልፉን ልጫን? እጄ እምቢ አለኝ።

ሴቶቹ እህላቸውን በባጃጅ ጭነው ኮምቦልቻ ያስፈጫሉ። ሲያልፉ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። «ይሄ ሽማግሌ አብዷል» የሚሉ ይመስለኛል፤ ደግነቱ አልሰማም።

ልጄ ግን! ሳህሌ፣ እኔ በግ ገዝቼ መንገድ መንገዱን እያየሁ በሆዴ አኩርፌ ነበር። እሱ ለካ ትኬቱን ወደ ወፍጮዬ እየላከ ነበር። የገባው ሞተሩ እንጂ እሱ አልነበረም። ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ። 

እንግዲህ ይህን ለሚስ ላቨርን አድርስልኝ። ባለቤቱ የማይታይ ከሆነ ወኪሉ ይበቃል፤ ውክልና ያለው ሰው ቃል የባለቤቱ ቃል ነው። ስለ ልጄ አውፍ ትበል። ስለ ሞተሩ አውፍ ትበል። ስለ ዱቄቱም ጠይቅልኝ፤ የበላው ሰው ብዙ ነውና። ንግግሩ ይቀዳል ብለሃል፤ በጣም ጥሩ ነው፤ ምስክር አለ ማለት ነው። አልልም ካለችም እንዳትቆጣት። ሐቋ ነው፤ እኔም እስክከፍል ሞተሩን አልነካም።

የናቷን ስም ጠይቅልኝ፣ ለዱዓ።

አባትህ ይማም


ፓይን ሌክ፣ አትላንታ
ሜይ 18፣ 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ሰውዬው ጠፋ እንዳይሉኝ፤ የሚስ ላቨርን አለቃ መልስ እስኪሰጥ ነው የቆየሁት። አሁን ተቀመጡና ያንብቡ፤ ፅጌረዳም አጠገብዎ ትሁን።

ባለፈው ሐሙስ ፋናዬን ከሥራ ይዤ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ሽሮ ልንገዛ ሄድን። ሱቁ ፊት ለፊት ፓርክ እንዳደረግኩ ስልኩ ጮኸ፤ የዑስማን ስልክ። ፋናዬ ስፒከር ላይ አድርገው አለችኝ። «ይህ ንግግር ይቀዳል» አለ ማሽኑ። ከዚያ ሚስ ላቨርን መጣች።

«ሚስተር ሳህሌ፣ ሦስት ሺው ገብቷል። ባላንሱ ዜሮ ነው፤ ወረቀቱን እንልካለን። ስለ ጥያቄህም አለቃዬን ጠይቄያለሁ። ‹ይቅር ብለናል› የሚል ቁልፍ ሲስተማችን ላይ የለም አለኝ። የምጫነው ‹ተዘግቷል› የሚለውን ብቻ ነው።»

«ሌላም ጥያቄ ነበረኝ» አልኩ፤ እፍረት ይዞኛል። «ስለ ዱቄት ነው።»

«ስለ ምን?»

ነገርኳት። ሞተሩን፣ ሦስቱን አረፋ፣ የጠፋውን ወፍጮ፣ የባጃጁን እህል። በእንግሊዝኛ ስነግረው ነገሩ ይቀላል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ከበደኝ።  

«ቆይ» አለች። «ሰውዬው ወፍጮውን ራሱ አጠፋው? ማንም ሳያዘው?»

«ማንም ሳያዘው።»

«በሕግ ምንም እንደሌለበት ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ሕጉ ገንዘብ አላበደረም አለ።»

«ጌታ ሆይ!» አለች፤ ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ሚስተር ሳህሌ፣ እዚህ ወንበር ላይ ጸጉሬ ሸብቷል። ሰው ይሰድበኛል፣ ያለቅስብኛል፣ ይዘጋብኛል። አልፈርድባቸውም፤ ምን ያድርጉ? ያልጠየቅሁትን ዕዳ ቆጥሮ የሚያመጣልኝ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። አያቴ እዚሁ ጆርጂያ በቆሎውን በትከሻው ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሄድ ነበር። ወፍጮ ሲቆም ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ከሱ ሰምቻለሁ።»

ፋናዬ እጄን ያዘችኝ። ሚስ ላቨርን ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ለኛ ሳይሆን ለዚያ ለሚቀዳው መሣሪያ የምትናገር መሰለኝ።

«ይህ ንግግር ይቀዳል፤ እንግዲያው ይቀዳ። ይህ ፋይል በእጄ ነው፣ ለመዝጋት ሥልጣን የተሰጠኝ እኔ ነኝ። ስለ ዑስማን ይማም ይቅር ብለናል። ስለ ሞተሩ ይቅር ብለናል። ስለ ዱቄቱ፣ ለበላው ሰው ሁሉ፣ ይቅር ብለናል። በእናንተ ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?»

«አውፍ» አልኩ። ፋናዬ ደግማ «አውፍ» አለችላት።

«አውፍ» አለች ሚስ ላቨርን፤ ጥርት አድርጋ። «አሁን ሂድና ለሰውዬው ወፍጮህን አስነሳ በለው።»

የናቷ ስም ሩት ነው። ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር፤ እኛማ መኪና ውስጥ አልቅሰን ሽሮውን ሳንገዛ ተመለስን። አባቴ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ የይቅርታ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። ያውም ሱቅ ደጃፍ ፓርክ አድርጌ።

ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅለነዋል። ከዚያ ወዲህ አልጮኸም።

ልጅዎ ሳህሌ


ሐርቡ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለሳህሌና ለፋናዬ፣

ደብዳቤያችሁ ከአረፋ በፊት ደረሰኝ። ወዲያው ቁልፉን አልተጫንኩም። በአረፋ ይሁን አልኩ፤ ልጄ ሊገባ ይመኘው የነበረው ቀን ነውና።

መጀመሪያ የሐቁን ነገር እንጨርስ። ሦስት ሺውን የከፈላችሁ እናንተ ናችሁ። እንግዲህ በሞተሩ ላይ ሐቅ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። አውፍ እንዳትሉኝ፤ እኔ በሕይወት አለሁ፣ እከፍላለሁ። በገበያ ቀን የሚፈጨው የእናንተ ነው። ፅጌረዳ በስማችሁ ታስቀምጣለች፤ የመጀመሪያው ለፋናዬ ጥርስ ነው። ሳህሌ፣ የአትላንታ ሹፌር ሆነህ ሐርቡ ላይ ወፍጮ አለህ። ፀጋአብን አግኝተህ ንገረው፤ እሱ ለሁሉም ያዳርስልሃል።

የአረፋ ዕለት ከሶላት መልስ በሩን ከፈትኩ። ሴቶቹ ቀድመው እህላቸውን ደርድረው ጠበቁኝ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ለላቨርን፣ ለሩት ልጅ፣ ዱዓ አደረግን። ስሟን አንድ በአንድ አስጠናኋቸው፤ አሁን የሐርቡ ሴቶች ሁሉ ያውቋታል። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁት። እኔ አልሰማውም፤ እጄን ግድግዳው ላይ ሳደርግ ግን እስከ ትከሻዬ ድረስ ነዘረኝ። ሠራ።

እጄ እዚያው ግድግዳው ላይ እንዳለ አንድ ነገር መጣብኝ። ኢማሙ «ሐቅ ያለው ይናገር» ሲሉ አንተ ተናገርክ። ናሆም የጎማውን አገኘ፣ ላቨርን አውፍ አለች። እኔ ግን ሩቅ ነበርኩ፣ የጠየቀኝ የለም። ከልጄ ላይ ሐቅ የነበረኝ እኔ ነበርኩ ሳህሌ። ሦስት አረፋ። ላንተ እስክጽፍ ማንም ሳያውቅ በሆዴ ይዤው ነበር፤ ለአላህ እንኳ አልተናገርኩም።

ስለዚህ እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ድምፄን መለካት አልችልም፤ በወፍጮው ላይ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። «ዑስማን ልጄ፣ ሦስቱንም አረፋ አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። አፋቸው አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሚን ነው ያሉት።

አባታችሁ ይማም